ዝናብ ሲቀር ማን ይሄዳል? ማንስ ይቀራል?

ከ1983 እስከ 1985 ማሊን ክፉ ድርቅ መታት። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በላይኛው የሴኔጋል ወንዝ ሸለቆ ያሉ መንደሮች ከድርቁ በፊትም ወጣቶቻቸውን ለሥራ ወደ ፈረንሳይ መላክ የለመዱ ነበሩ። እህል ሲጠፋ የሚሄደው ሰው ይበዛል ብሎ መገመት ቀላል ነው። የሆነው ግን ሌላ ነው። ወደ ፈረንሳይ የሚሄደው ሰው ቀነሰ። እህል ሲወደድ ለመንገድ የሚሆነው ገንዘብ ለሆድ ዋለ። በዚያ ፈንታ የበዛው አጭር ጉዞ ነው። ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ ወደ ቅርብ ቦታ ሄደው፣ ጥቂት ወራት ሠርተው ይመለሱ ነበር።

ይህን ያስቀደምኩት ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ ስደት ሲወራ ብዙ ሰው ሌላ ነገር ስለሚታየው ነው። ዝናብ ይጠፋል፣ ባህር ይሞላል፣ ከዚያ ሚሊዮኖች ድንበር ጥሰው ወደ ሀብታም አገሮች ይተማሉ። ይህ አስተሳሰብ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። መጤ ለሚጠሉ ፖለቲከኞች ማስፈራሪያ ይሆናቸዋል። ከሁሉም የባሰ የተጎዱትን፣ መሄጃ ያጡትን ሰዎች ደግሞ ጭራሽ ያስረሳል። እውነቱን ለመረዳት ነገሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

መነሻው ላይ ያለው ሳይንስ የሚከብድ አይደለም። የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ ሲቃጠል፣ ደን ሲመነጠር ካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር ላይ ይከማቻል። ወደ ላይ መውጣት የነበረበትን ሙቀትም ይዞ ያስቀራል። 2024 የምድር አማካይ ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው ከ1.5 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ጨምሮ የተመዘገበበት የመጀመሪያው ዓመት ነው። አየር በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል። ይህች አንዲት ቁጥር ብዙ ነገር ታስረዳለች። የሞቀ አየር ከአፈሩም ከቅጠሉም ውሃ ይመጥጣል፤ ድርቁ ይበረታል። የመጠጠውን ሲለቅ ደግሞ በአንዴ ያዘንበዋል፤ ጎርፉ ይበረታል። ለዚህ ነው አንድ አካባቢ በአንድ ዓመት ውስጥ በድርቅም በጎርፍም የሚመታው። ሌላም አለ። የዓመቱ ዝናብ በድምሩ ባይቀንስ እንኳ፣ ዘር ከተዘራ በኋላ ለሦስት ሳምንት ድራሹ ከጠፋ ቡቃያው አለቀለት። ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ቢዘንብ ለገበሬው ምንም አይፈይድም።

ድንገት የሚመጣውና ቀስ ብሎ የሚመጣው

ሰውን ከቀዬው የሚያስወጡት አደጋዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። ጎርፍ፣ አውሎ ነፋስና ሰደድ እሳት በአንድ ሌሊት ያስወጣሉ። በ2022 የፓኪስታን ጎርፍ ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። መቀመጫውን ጄኔቫ ያደረገው የአገር ውስጥ መፈናቀል ክትትል ማዕከል በ2024 ብቻ በዓለም ዙሪያ በተፈጥሮ አደጋ የተከሰተ 45.8 ሚሊዮን መፈናቀል መዝግቧል። ቁጥሩ የሚያስደነግጥ ነው፤ ግን አቆጣጠሩን ማወቅ ይጠቅማል። የሚቆጠረው ሰው ሳይሆን እያንዳንዱ መፈናቀል ነው። አንድ ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ከተፈናቀለ ሁለት ተብሎ ይያዛል። ለጥንቃቄ ወጥቶ በሳምንቱ ቤቱ የገባም ይቆጠራል። ከዚያ ድምር ውስጥ 11 ሚሊዮን ያህሉ የተመዘገበው በአሜሪካ ነው፤ አብዛኛው አውሎ ነፋስ ሳይደርስ ሰው እንዲወጣ የተደረገበት ነው። ሁሉም ደግሞ በየራሱ አገር ውስጥ የተደረገ እንቅስቃሴ ነው።

ቀስ ብሎ የሚመጣውን ለመቁጠርም ለማየትም ይከብዳል። የባንግላዴሽን የባህር ዳርቻ እንውሰድ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ የዓለም የባህር ወለል ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ብሏል። ለተራራ አገር ይህ ምንም አይደለም። ከባህር ወለል እምብዛም ከፍ ለማይል ሜዳ ግን የህልውና ጉዳይ ነው። አውሎ ነፋስ የአፈር ግድቡን በጣሰ ቁጥር ጨው ውሃ እርሻው ላይ ይተኛል። ውሃው ይሄዳል፣ ጨው ይቀራል። የሩዙ ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል፣ ምርቱ ከዓመት ዓመት ይወርዳል።

እዚህ ላይ ሰዎች የሚወስዱት ውሳኔ ይገባል። ሩዝ ሲያስቸግር ሰፊ መሬት ያለው ሰው ወደ ሽሪምፕ (የሚበላ ትንሽ የባህር እንስሳ) እርባታ ይዞራል። ሽሪምፕ ጨው ያለበት ውሃ ይስማማዋል፣ ወደ ውጭ ይሸጣል፣ ጥሩ ያወጣል። ስለዚህ ባለመሬቱ ጨው ውሃውን ራሱ ፈልጎ ወደ ማሳው ያስገባዋል። ሩዝ ለመትከልና ለማጨድ ብዙ እጅ ይፈልጋል። ሽሪምፕ ለማርባት ግን ጥቂት ሰው ይበቃል። መሬት የሌለው የቀን ሠራተኛ ሥራ ያጣል። አጠገቡ ያለው ትንሽ ማሳም ከባለጸጋው ኩሬ በሚሰርገው ጨው ይበላሻል። ሣር ስለሚጠፋ ላሟ ትሸጣለች። የመጠጥ ውሃ ኩሬው ጨው ይሆናል፤ ሴቶች ንጹሕ ውሃ ፍለጋ ከበፊቱ የበለጠ ይጓዛሉ። በመጨረሻ አባወራው ዋና ከተማዋ ዳካ ሄዶ ሪክሾ (ሰው የሚያመላልስ ጋሪ) ይገፋል፣ ወይም ጡብ ማቃጠያ ውስጥ ይቀጠራል።

ይህን ሰው "ለምን ወጣህ?" ብትሉት "ሥራ ጠፋ" ነው የሚላችሁ። ባህሩ ጨመረ አይልም። አልዋሸም፤ የደረሰበትን ነው የተናገረው። የአየር ንብረት ለውጥ ሰውን የሚያፈናቅለው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። በቀጥታ አንገት ይዞ አያስወጣም። መተዳደሪያውን እያሳጣ፣ ዕዳ እያስገባ፣ አማራጭ እያጠበበ ይገፋዋል። ለዚህ ነው "የአየር ንብረት ስደተኛ ስንት ነው?" ለሚለው ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ የሌለው። በ1990ዎቹ "200 ሚሊዮን" የሚል ግምት በሰፊው ተናኝቶ ነበር። ለአደጋ የተጋለጠ ቦታ ላይ የሚኖረውን ሁሉ ይሰደዳል ብሎ የሚደምር ስሌት ነበርና ብዙ ተመራማሪዎች በኋላ ተችተውታል። ተጋላጭ መሆንና መሄድ አንድ አይደሉም።

ውሳኔው የሚወሰነው ቤት ውስጥ ነው

የአርብቶ አደሩን ነገር ጠጋ ብሎ ማየት ብዙ ያስተምራል። ዝናብ ሲቀር ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚሸጠው ወንዱንና የደከመውን እንስሳ ነው። ችግሩ ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱም ጎረቤት በዚያው ሳምንት ገበያ ያወጣሉ። የከብት ዋጋ ይወርዳል። እህል ደግሞ በዚያው ልክ ይወጣል። ትናንት በአንድ ፍየል ይገዛ የነበረው እህል ዛሬ ሁለት ሦስት ፍየል ይጠይቃል። ዝናቡ ለሁለተኛ ጊዜ ከቀረ ሽያጩ ይቀጥላል። እናት እንስሶቹን ላለመንካት የተቻለው ሁሉ ይደረጋል፤ መንጋው መልሶ የሚበዛው በእነሱ ነውና። እነሱም ከተሸጡ ወይም ከሞቱ ነገሩ አበቃ። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ቢመለስም ከብት የሌለው አርብቶ አደር የሚመለስበት ኑሮ የለውም።

ይህ በምሥራቅ አፍሪካ ከ2020 ጀምሮ በተግባር ታይቷል። አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። በሶማሊያ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ተፈናቀለ፤ ብዙዎቹ እንደ ባይደዋ ያሉ ከተሞች ዙሪያ ላስቲክና ጨርቅ ወጥረው ሰፈሩ። በ2023 የአየር ጠባይ ክስተቶችን ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር አገናኝተው የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች ያንን ዓይነት ድርቅ የምድር መሞቅ ቢያንስ መቶ እጥፍ የበለጠ ተደጋግሞ እንዲከሰት እንዳደረገው አስልተዋል። የዝናቡ መቅረት ብቻውን አልነበረም፤ ሙቀቱ የቀረችውን እርጥበት ከአፈሩ ስለመጠጠ ነው ጉዳቱ እንዲያ የከፋው። አፍሪካ በጠቅላላው ለዓለም የካርቦን ልቀት ያላት ድርሻ 4 በመቶ ገደማ መሆኑን ስታስቡት ነገሩ ያንገበግባል።

እጁ ላይ ትንሽ የቀረው ቤተሰብ ግን ሌላ መንገድ አለው። ሁሉም አይነሳም። ከልጆቹ አንዱን፣ ብዙውን ጊዜ ወጣቱን፣ ከተማ ይልካል። የሚልከው ገንዘብ ዘር ይገዛል፣ ዕዳ ይከፍላል፣ የቀሩትን ቀዬአቸው ላይ ያቆያል። አንዱ የሚሄደው ሌሎቹ እንዳይሄዱ ነው። ስደትን ሁሉ እንደ ውድቀት የሚያዩ ሰዎች ይህን ቢያስተውሉ ደስ ይለኛል። በጊዜ የተደረገ፣ በፈቃድ የተደረገ ጉዞ ራሱ ችግርን መቋቋሚያ ነው።

ከሁሉም የከፋው የመጨረሻው ቡድን ነው። ለመንገድ የሚሆን ጥሪት የሌለው፣ ከተማ የሚቀበለው ዘመድ የሌለው፣ በሽተኛ የሚያስታምም፣ ያረጀ። የብሪታንያ መንግሥት የሳይንስ ቢሮ በ2011 ያወጣው ሰፊ ጥናት በግልጽ ያስቀመጠው ይህንን ነው። የአካባቢ ለውጥ ሰዎችን ከማንቀሳቀስ ባልተናነሰ ባሉበት ያስራል። ብዙ ሰዎችም ከአደጋ ወደ አደጋ ይሄዳሉ። ከድርቅ ሸሽቶ ከተማ የገባ ድሃ ርካሽ ቦታ የሚያገኘው ወንዝ ዳር ወይም የሚንሸራተት ገደል ላይ ነው። ከድርቅ ያመለጠውን ጎርፍ ይጠብቀዋል።

ሁሉም ከሰማይ አይመጣም

መሬትን የሚያራቁተው የአየር ንብረት ለውጥ ብቻ አይደለም። የአራል ባህር ታሪክ ለዚህ ዋና ምስክር ነው። በካዛክስታንና በኡዝቤኪስታን መካከል ያለው ይህ ሐይቅ በስፋቱ ከዓለም አራተኛ ነበር። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሶቪየት መንግሥት ወደ ሐይቁ የሚገቡትን ሁለት ወንዞች፣ አሙ ዳርያንና ሲር ዳርያን፣ ለጥጥ መስኖ ጠለፋቸው። ሐይቁ እየሸሸ ሄደ። ሙይናክ የምትባለው የወደብ ከተማ ባህሯን አጣች፤ የዓሣ መርከቦቿ አሸዋ ላይ ተጋድመው ዝገዋል። ከደረቀው የሐይቅ ወለል የሚነሳው አቧራ ጨውና የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት ይዞ ሰዉ ላይም እርሻውም ላይ ይወርዳል። ዓሣ አጥማጁ፣ የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኛው፣ መርከበኛው ሁሉ ሌላ አገር ፍለጋ ወጣ።

ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም። በ2005 ካዛክስታን በሰሜኑ ክፍል የኮክ አራል ግድብን ሠራች። ግድቡ የሲር ዳርያን ውሃ ይዞ አስቀረ። ጨዋማነቱ ቀነሰ፣ ዓሣው ተመለሰ፣ ማጥመድም እንደገና መተዳደሪያ ሆነ። የተበላሸ መሬት ሁሉ አይድንም፤ የሚድን ግን አለ። ይህን ያህል መናገር የሚቻለው በተጨባጭ ስለታየ ነው።

በ1930ዎቹ የአሜሪካ ታላላቅ ሜዳዎች የሆነውም ይመሳሰላል። ሣሩን ገልብጠው ስንዴ ዘሩበት። ድርቅ ሲመጣ አፈሩን የሚይዝ ሥር አልነበረምና ነፋስ አንስቶ ወሰደው። 2.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ከአካባቢው ለቀቀ። ከእነሱ ካሊፎርኒያ የደረሱትን የገዛ አገራቸው ሰዎች እንደ ባዕድ አይተው ገፍተዋቸዋል። በኢንዶኔዥያዋ ጃካርታ ላይ ደግሞ ባህሩ ብቻ ሳይሆን ከተማዋም ትሰምጣለች፤ የከርሰ ምድር ውሃ ከመጠን በላይ ስለሚሳብ መሬቱ ይወርዳል።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። "ድርቁ ጦርነቱን አመጣ፣ ጦርነቱ ስደተኛውን አመጣ" የሚል አጭር ታሪክ ስትሰሙ ቆም በሉ። ሶሪያ ከጦርነቱ በፊት ከባድ ድርቅ አይታ ነበር። ግን በዚያው ሰሞን መንግሥት የነዳጅ ድጎማ አነሳ፤ የመስኖ ፓምፕ ማስነሳት ከገበሬው አቅም በላይ ሆነ። የጉድጓድ ውሃም ለዓመታት ያለ ልክ ሲሳብ ከርሟል። ተቃውሞውን በጥይት የመለሰው ደግሞ ድርቁ አይደለም። የቻድ ሐይቅም ከ1960ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ዘጠኝ አሥረኛውን ያህል ካጣ በኋላ በከፊል አገግሟል። በዚያ አካባቢ ሰው አሁን የሚሸሸው በአብዛኛው ታጣቂዎችን ነው። ሁሉን ነገር አየር ንብረት ላይ መለጠፍ ተጠያቂ ባለሥልጣናትን ነጻ ያወጣል።

ሕጉ የት ላይ ነው?

የ1951 የስደተኞች ኮንቬንሽን ከለላ የሚሰጠው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ ወይም የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባል በመሆኑ የሚሳደድን ሰው ነው። ባህር ማንንም ለይቶ አያሳድድም። ስለዚህ በአየር ንብረት ምክንያት ብቻ ድንበር የተሻገረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሕግ ስደተኛ አይባልም።

ኪሪባቲ ከምትባለው የፓሲፊክ ደሴቶች አገር የመጣው ኢዮአኔ ቴይቲዮታ ይህን ሕግ እስከ ጫፉ ፈትኖታል። ደሴቱ ታራዋ ላይ የመጠጥ ውሃው በጨው ተበክሏል፣ ሰብል አይሆንም፣ በተጨናነቀው መሬት ላይ ጠብ በዝቷል ብሎ ኒውዚላንድ ውስጥ ጥገኝነት ጠየቀ። ፍርድ ቤቶቹ አልተቀበሉትም። በ2015 ከነቤተሰቡ ተመለሰ። ጉዳዩን የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ ዘንድ ወሰደው። በ2020 ይፋ የሆነው ውሳኔ ለእሱ አልፈረደለትም። ሆኖም ወደፊት የሚጠቅም ነገር አስቀመጠ፤ የአየር ንብረት አደጋ ሕይወትን በእውነት የሚያሰጋ ከሆነ መንግሥታት ሰውን ወደዚያ መመለስ አይችሉም አለ። በሐምሌ 2025 ዓለም አቀፉ የፍትህ ፍርድ ቤት በሰጠው ምክረ አስተያየትም ይህንኑ ሐሳብ አጠናክሮታል።

በአገር ውስጥ ለተፈናቀሉት አፍሪካ ቀድማ ሄዳለች። በ2009 የጸደቀው የካምፓላ ኮንቬንሽን መንግሥታት በተፈጥሮ አደጋ፣ በአየር ንብረት ለውጥ ጭምር፣ የተፈናቀሉ ዜጎቻቸውን እንዲጠብቁና እንዲረዱ ያስገድዳል። በ2020 በኢጋድ ሚኒስትሮች የጸደቀው የነጻ ዝውውር ፕሮቶኮል ደግሞ አደጋ ሲመጣ፣ ሳይመጣም አስቀድሞ፣ ድንበር ለመሻገር በር ይከፍታል። ወረቀት ላይ ያለው ጥሩ ነው። መሬት ላይ ማውረዱ በጀትና ፍላጎት ይጠይቃል። አውስትራሊያና ትንሿ የፓሲፊክ ደሴቶች አገር ቱቫሉ በ2023 ከተፈራረሙት ውል የሚገኘው ዕድል ጠባብ ቢሆንም የተጨበጠ ነው፤ በየዓመቱ 280 የቱቫሉ ሰዎች በቋሚነት አውስትራሊያ መኖር ይችላሉ። የመጀመሪያው ዕጣ በ2025 ሲከፈት ከአገሪቱ ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆን ሰው ተመዘገበ።

ምን ይሠራል?

የዓለም ባንክ በ2021 ባወጣው ጥናት ዓለም በያዘችው መንገድ ከቀጠለች እስከ 2050 ድረስ እስከ 216 ሚሊዮን ሰው በገዛ አገሩ ውስጥ ሊፈናቀል ይችላል ይላል። ከዚህ ቁጥር ይበልጥ የሚያስፈልገን ቀጥሎ ያለው ነው። ልቀት ቶሎ ከቀነሰና ልማቱ ድሃውን ካካተተ ቁጥሩ እስከ 80 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ትንቢት አድርጎ ማንበብ ስህተት ነው።

የሚሠራው ነገርም ይታወቃል። በ1970 ባንግላዴሽን (ያኔ ምሥራቅ ፓኪስታን ነበረች) የመታው የቦላ አውሎ ነፋስ ቢያንስ 300,000 ሰው ገደለ። በ2020 አምፋን የተባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ቀድሞ ወደ መጠለያ ገባ፤ በባንግላዴሽ የሞቱት በአሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው። ልዩነቱን የፈጠሩት ከፍ ብለው የተሠሩ የኮንክሪት መጠለያዎች፣ የአየር ትንበያ፣ ድምፅ ማጉያ ይዘው በየመንደሩ የሚዞሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እነዚያ 2 ሚሊዮን ሰዎችም በመፈናቀል መዝገብ ላይ ይቆጠራሉ። ይህ ግን ሕይወት ያተረፈ መፈናቀል ነው።

መንደርን ሙሉ ማዛወር ሲመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። በፓናማ ጋርዲ ሱግዱብ በምትባል ጠባብ ደሴት ይኖሩ የነበሩ 300 ያህል የጉና (የአገሩ ነባር ሕዝብ) ቤተሰቦች በሰኔ 2024 በዋናው መሬት ላይ ወደተሠራ አዲስ ሰፈር ገቡ። ሐሳቡን ያነሱት ራሳቸው ነበሩ፣ በ2010። ቤቱ እስኪደርስ 14 ዓመት ጠበቁ። አሁን ደረቅ ወለል፣ የራሳቸው ግቢ አላቸው። ዓሣ የሚያጠምደው ግን ወደ ጀልባው ለመድረስ ከበፊቱ ይርቀዋል። ደሴቷ ላይ መቅረት የመረጡም አሉ። ፊጂ ውስጥ በ2014 ወደ ከፍታ የተዛወረችው የቩኒዶጎሎዋ መንደር ነዋሪዎች ሌላ ከባድ ጥያቄ ገጥሟቸው ነበር፤ የአባቶቻቸው መቃብር እዚያው ዳርቻ ቀርቷል። እንዲህ ያለ ዝውውር ሲታቀድ የቤት ቁጥር ብቻ አይበቃም። መተዳደሪያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ የመሬቱ ባለቤትነት ወረቀት፣ መቃብሩ ሁሉ አብሮ መታሰብ አለበት። ወጪውም ከነዋሪዎቹ አቅም በላይ ነው። በ2022 በግብፅ ሻርም ኤል ሼክ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ እንዲቋቋም የተወሰነው የጉዳትና ኪሳራ ፈንድ ሊሸፍናቸው ከሚገባቸው ጉዳዮች መካከል መፈናቀልና የታቀደ ሰፈራም አሉበት። እስካሁን ቃል የተገባለት ገንዘብ ከሚያስፈልገው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ ዋናውን ዕዳ የተሸከሙት አገሮች ደግሞ ልቀቱን የፈጠሩት አይደሉም።